«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እና ባለ 50 ሉክ ደብተር

ሐኪሙ «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ይላታል። እማዬ ነጠላዋን ታስተካክልና «ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» ትለዋለች። አለቀ። ግፊቷ ይለካል፣ ያው መድኃኒት ይታዘዛል፣ ለሦስት ወር ትቀጠራለች፣ እንወጣለን። ታክሲ ውስጥ ገብተን ገና ሳንደላደል ግን ወሬው ይጀመራል። «ይሄ ሳል እኮ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።» «ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?» «ኧረ ረሳሁት። ደግሞስ ደህና ነሽ ወይ ላለ ሰው እሮሮ ይዘረገፋል እንዴ?»

እንዲህ ስንመላለስ ዓመት ተኩል አለፈ። ጥፋቱ የሐኪሙ አይመስለኝም። በር ላይ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀው፣ ወንበሩ ላይ በየቀጠሮው ሌላ ሐኪም እየተቀመጠ፣ «ተመስገን» ካለች ሴትዮ ምን ያውጣ? የእማዬም አይደለም። እኛ ዘንድ «እንዴት ሰነበቱ» ሰላምታ ነው፣ መልሱም ምስጋና ነው። ምርመራው በሰላምታ ተጀምሮ በሰላምታ ያልቃል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ሰው የሕመሙን ምልክትና የሚወስደውን መድኃኒት እየጻፈ ይያዝ የሚለው ምክር አዲስ አይደለም። ስኳር፣ ግፊት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ሪህ ያለበት ሁሉ አንድ ቀን ሰምቶታል። ምን ይጻፍ፣ ስንት ጊዜ ይጻፍ፣ መቼ ይተው የሚለውን ግን የሚነግረን ሰው ብዙም የለም። ስለዚህ ሰው ወይ አይጀምርም፣ ወይ ሁሉንም ነገር ጽፎ በሁለት ሳምንቱ ይሰለቸዋል። እኔም እንደዚያው ነበር ያደረግኩት።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእማዬን መድኃኒቶች ልጽፍ የመድኃኒት ፌስታሏን አወረድኩ። ባዶ ካርቶን፣ ያለቀ ክኒን፣ የፋርማሲ ደረሰኝ። አንዱ ደረሰኝ ላይ ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒት፣ ቀኑ 08/04/2024። እኔ ይህን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ታኅሣሥ 8 ነው፤ አራተኛው ወር ታኅሣሥ አይደል? ግን የፈረንጅ ቀን ነው። ሲመነዘር መጋቢት 30 ቀን 2016 ይሆናል። «ሳሉ መቼ ነው የጀመረሽ?» አልኳት። ቀን አታውቅም። «ለዳግማይ ትንሣኤ እነ እትዬ ቤት ስንሄድ እየሳልኩ ነበር፣ ሰው እስኪያፍር» አለች። የዚያ ዓመት ዳግማይ ትንሣኤ ግንቦት 4 ነው የዋለው። መድኃኒቱን ከጀመረች ከአምስት ሳምንት በኋላ ማለት ነው።

ኢናላፕሪልና ቤተሰቦቹ በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል እንደሚያመጡ ማንኛውም ሐኪም ያውቃል። መድኃኒቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥም፣ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እኛ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ማር፣ ዝንጅብል፣ ዳማከሴ፣ ሁለት ዓይነት የሳል ሽሮፕ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አንቲባዮቲክ ሞክረናል። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ስላልነበረ ብቻ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ገጹን ለሐኪሙ አሳየነው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም፣ መድኃኒቱን ሎሳርታን በሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ቀየረላት። ሳሉ በወሩ ጠፋ። (ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ የሚያቆም እንዳይኖር፤ ግፊት ሳይነግር ነው የሚመጣው። ጻፉና አሳዩ፣ የሚቀይረው ሐኪሙ ነው።)

አእምሮ ለምን እንዲህ ያታልለናል? በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ዶናልድ ሬደልማየርና ዳንኤል ካነማን የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያየውን ምርመራ የሚያደርጉ ሰዎችን በየደቂቃው «አሁን ምን ያህል ያምሃል?» እያሉ ጠየቁ። ካለቀ በኋላ ደግሞ በጠቅላላው እንዴት እንደነበር ጠየቋቸው። ለአንዳንዱ ምርመራው 4 ደቂቃ ነበር፣ ለአንዳንዱ ከአንድ ሰዓት በላይ። ርዝመቱ ግን ለትዝታቸው ብዙም ለውጥ አላመጣም። የቀራቸው በጣም ያመመበት ቅጽበትና የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ወደ እኛ ቤት ስናመጣው፦ ሦስት ወር ሙሉ እግሯ ሲያቃጥላት የከረመች ሴት፣ ለቀጠሮው ሳምንት ቀለል ካላት «ደህና ከርሜአለሁ» ትላለች። አልዋሸችም። የምታስታውሰው እሱን ነው።

እንግዲህ ደብተር ያዝን ማለት ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም። ደብተርም ይዋሻል።

የእማዬ ሁለተኛ ወር ገጾች ያማሩ ነበሩ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ አንዲት ቀን ሳትዘለል፣ 128 በ82፣ 126 በ80፣ 130 በ80። ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ጽሕፈት። የቀጠሮው ዋዜማ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጣ ስትሞላው አገኘኋት። «ልጁ እንዳይቆጣ ብዬ ነው» አለችኝ። ልጁ የምትለው ሐኪሙን ነው። ተማሪ ሆነን ያልሠራነውን የቤት ሥራ በር ላይ ቆመን እንደምንገለብጠው።

እሷ ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህን ነገር በተንኮል ነው ያጋለጠው። ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በቀን ሦስት ጊዜ የሚሞላ የወረቀት ደብተር ሰጧቸው፤ ደብተሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚመዘግብ የብርሃን መለያ ግን ውስጡ ደብቀውበታል። ሰዎቹ ባስረከቡት ወረቀት መሠረት 90 በመቶውን በሰዓቱ ሞልተዋል። መለያው ያሳየው 11 በመቶ ነው። ጨርሶ ባልተከፈተበት ቀን እንኳ መልስ ተጽፎ ተገኝቷል። በሰዓቱ የሚያስታውስ የኤሌክትሮኒክ ደብተር የያዙት ግን 94 በመቶ ሞልተዋል።

ከዚህ እኔ የተረዳሁት ስልክ ግዙ የሚለውን አይደለም። ሰው ብዙ ጻፍ ሲባል የሚጽፈው ለሐኪሙ ደስታ ነው። ጥቂት ጻፍ ከተባለና ለምን እንደሚጽፍ ካወቀ ግን ይጽፋል። ባዶ የተተወ ቀን ነውር የለውም። የተፈጠረ ቁጥር ግን አደጋ አለው፤ በእሱ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ይጨመራል ወይም ሳይጨመር ይቀራል።

ስለዚህ የያዝነውን ደንብ ቀየርን። ደብተሩ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይኖረዋል። ጥያቄው ሲመለስ መጻፉ ይቆማል፣ እስከሚቀጥለው።

ግፊትን እንውሰድ። ጥያቄው «የአሁኑ መድኃኒት በቂ ነው ወይ?» ከሆነ ዓመቱን ሙሉ መለካት አያስፈልግም። ከቀጠሮው በፊት ያለውን አንድ ሳምንት ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በመካከላቸው አንድ ደቂቃ አሳርፎ መለካት፣ የመጀመሪያውን ቀን ጥሎ የቀሩትን አማካይ ማውጣት ነው። ቤት ውስጥ አማካዩ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው ይባላል፤ ሐኪም ቤት ውስጥ መስመሩ 140 በ90 ነው። አለካኩ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባን ማስደገፍ፣ እግር አለማነባበር፣ ክንድን ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ማሳረፍ፣ ሽንት ቤት ሄዶ መምጣት፣ ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣት። እማዬ ከሁለተኛው ቡና ተነስታ፣ ከጎረቤት ጋር እያወራች፣ የመለኪያውን ጨርቅ በነጠላዋ ላይ አጥብቃ ነበር የምትለካው። ያን ቁጥር ጽፎ ከመያዝ አለመያዝ ይሻላል።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ ነጭ ጋውን ሲያይ ግፊቱ ይወጣል፣ ቤቱ ሲገባ ይወርዳል። የሌላው ተቃራኒው ነው፤ ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ ቤት ነው የሚጨምርበት። እነዚህን ሁለት ሰዎች የቤት ልኬት ካልሆነ ማን ይለያቸዋል?

ስኳር ላይ ስንመጣ ነገሩ ወጪም አለው። የመለኪያው ስትሪፕ ዋጋው እየናረ፣ አንዳንዴም እየጠፋ፣ ኢንሱሊን የማይወስዱ ብዙ ሰዎች በየጠዋቱ ጣታቸውን እየወጉ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ኢንሱሊን የማይወስዱ 450 ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምተኞችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። በየቀኑ የለኩትና ጭራሽ ያልለኩት የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው በዓመቱ መጨረሻ ልዩነት አልነበረውም። ገርሞኛል፣ ግን ሳስበው ያስኬዳል። ጠዋት 162 ሆኖ ምን ታደርጋለህ? ካልተባልክ ምንም። ጽፈህ ትዘጋዋለህ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን መጠኑን በዚያ ቁጥር ነው የሚወስነው፣ ለእሱ መለካት ሕይወት ነው።

ኢንሱሊን ለማይወስደውም ቢሆን ስትሪፑ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። አዲስ መድኃኒት ሲጀመር፣ ሲታመም፣ ጾም ሲገባ። በተለይ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ክኒን የሚወስድ ሰው ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ሲውል ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ረመዳን ለሚጾመውም ያው ነው። ላብ ላብ ይለዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይነጫነጫል። ቤተሰቡ «ጾሙ ነው ያደከመው» ይላል። በዚያ ሰዓት አንዴ ለክቶ ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ወዲያው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት ነው። ጾሙ እዚያ ላይ ይፈታል፤ የንስሐ አባትም ይህን የሚከለክሉ አይመስለኝም። ከዚያ ሰዓቱንና ቁጥሩን መጻፍ። ያቺ አንዲት መስመር ከመቶ የጠዋት ልኬት ትበልጣለች፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ወይም ሰዓቱን የሚቀይረው በእሷ ነው።

ሰዓት ካልን አይቀር፣ እኛ ዘንድ ይህም ራሱን የቻለ ችግር ነው። «8 ሰዓት» የእኛ ስምንት ነው ወይስ የፈረንጅ? የስልኩ ነው ወይስ የግድግዳው? እማዬ «2 ሰዓት» ብላ የጻፈችውን አንዱ ሐኪም የሌሊት ሁለት መስሎት ለምን እንቅልፍ እንደማይወስዳት ሲጠይቃት ነበር። አሁን ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለውን ከቁጥሩ በፊት ትጽፋለች። ቀኑን ግን በራሷ አቆጣጠር ነው የምትይዘው፤ ገጹ ጥግ ላይ እኔ የፈረንጁን እጨምርበታለሁ፣ የላብራቶሪ ወረቀቱ በዚያ ነውና። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ ሌላ ጉድ አለበት። ከለንደን የተላከ የስኳር መለኪያ 7 ወይም 9 የሚል ቁጥር ሲያሳይ «ወይኔ ስኳሬ ወረደ» ያለች ጎረቤት አለችን። መለኪያው በሌላ አሃድ ነው፤ በ18 ሲባዛ ነው የእኛ ቁጥር የሚመጣው። 7 ማለት 126 ነው።

ቁጥር የሌለው ሕመምስ? ሐኪሞች «ከአንድ እስከ አሥር ስንት ያምሃል?» ይላሉ። እማዬ ይህን ስትጠየቅ ተገርማ «ሕመም በቁጥር ነው እንዴ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ቁጥሩ መጥፎ አይደለም፣ ካለፈው ወር ጋር ለማወዳደር ይመቻል። ግን አማርኛ ለሕመም ያለውን ቃል እያለን ለምን እንራባለን? ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይጨመድደኛል፣ ይደነዝዘኛል፣ ያጥወለውለኛል። እነዚህ አንድ አይደሉም። እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ሌሊት ይብስብኛል ያለ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙን ወደ ነርቭ ነው የሚመራው። ጠዋት ስነሳ መገጣጠሚያዬ ተሳስሮ ይቆረጥመኛል ያለ ሌላ መንገድ ነው። ዳገት ስወጣ ደረቴን ይጨምቀኛል፣ ስቆም ይተወኛል ያለ ሰው ደግሞ ቀጠሮም መጠበቅ የለበትም። ቃሉን እንዳለ፣ በሰውየው አፍ፣ መጻፍ ነው።

በዚህ ላይ የምንሳሳተው ሕመሙን ሳይሆን ፍርዱን መጻፋችን ነው። «ጨጓራዬ ተነሳ» ይጻፋል። «ብርድ መታኝ»፣ «ነርቭ ነው»፣ «ምች ነው»። ጨጓራ የተባለው አንዳንዴ ልብ ሆኖ ይገኛል። የት ቦታ፣ ምን ስትሠራ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ምን ሲደረግ ተወ፤ እሱን ከጻፍክ ስሙን ሐኪሙ ያወጣለታል። የሚጥል በሽታ ላለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ታማሚው ሊሆን አይችልም፣ በዚያ ሰዓት ራሱን አያውቅምና። አጠገቡ ያለው ሰው ሰዓት ይያዝ፣ ከቻለ በስልኩ ይቅረጽ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን መቅረጹን ትቶ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ማንም ወደማይጽፈው ነገር ልምጣ። ሽፈራው ቅጠል፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጎረቤት የሰጠችው ክኒን፣ ጸበል የተሄደበት ሁለት ሳምንትና በዚያ ጊዜ የተቋረጠው መድኃኒት። እነዚህ ከሐኪም ይደበቃሉ፣ ቁጣ ስለሚፈራ። ጸበል ሄዶ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው ግፊቱ 180 ሆኖ ሲመጣ፣ ሐኪሙ የሚያየው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ነገር ነው። ስለዚህ ሌላ ይጨምርለታል። ሰውየው ደግሞ ቤቱ ተመልሶ ሁለቱንም አንድ ላይ መዋጥ ሲጀምር ግፊቱ ወርዶ አዙሮ ይጥለዋል። ያልተዋጠ ክኒን መጻፍ ከተዋጠው ይልቅ ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው። እማዬ አሁን ያልወሰደችበት ቀን ላይ ትንሽ መስቀል ታደርጋለች። ለምን እንዳልወሰደች አልጠይቃትም። ስጠይቃት መስቀሉ ይጠፋል።

ጽሕፈት ለማይችል ሰው ነገሩ አያልቅም። የሰፈራችን አንድ አባት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አላቸው፤ ሲያዞራቸው ቀኑ ላይ በከሰል ክብ ያደርጋሉ። በወሩ ስንት ክብ እንዳለ ማንም ይቆጥረዋል። ቴሌግራም ላይ ለራሷ ድምፅ የምትልክ የአስም ሕመምተኛም አውቃለሁ፣ ቀኑና ሰዓቱ ራሱ ይመዘገባል። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያለበት ቤትማ ጸሐፊ አለው።

እንግዲህ ተጽፎስ? እዚህ ላይ ነው ብዙው ልፋት የሚባክነው። 40 ገጽ ደብተር ዘርግቶ «ያንብቡልኝ» ማለት አይሆንም፣ ጊዜውም የለም። ከቀጠሮው ዋዜማ አንድ ገጽ እናወጣለን፤ የሳምንቱ አማካይ፣ አዲስ የመጣ ነገር ከነቀኑ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች በሙሉ፣ እና አንድ ጥያቄ። ከዚያ ገጹን «እንዴት ሰነበቱ» ሳይባል በፊት ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ። ቁጥሩን የሚጠቀምበት ሰው ሲኖር ምን እንደሚሆን በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ግፊታቸው አልወርድ ያለ 1,182 ሰዎች ነበሩ። ሐኪሞቻቸው ቤት በተለካው ቁጥር መድኃኒት ሲያስተካክሉላቸው፣ ከዓመት በኋላ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 136–137 ወረደ። እንደ ወትሮው የታከሙት 140 ላይ ነበሩ። ትንሽ ይመስላል፣ ለግፊት ግን ትንሽ አይደለም። ቁጥሩ ወደ ውሳኔ ስለሄደ ነው የወረደው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ፣ ደብተር ሰውን ሊያሳምምም ይችላል። ራሱን በየሰዓቱ የሚያዳምጥ፣ በቀን አሥር ጊዜ ግፊቱን የሚለካ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ደንግጦ እንደገና የሚለካና በድንጋጤው ብዛት የሚጨምርበት ሰው አለ። እንዲህ ለሆነበት መለኪያውን ለልጁ ሰጥቶ በሳምንት አንድ ቀን ቢለካ ይሻለዋል። ሌላው፣ ደብተር ይነበባል። ኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው፣ በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው፣ ሙሉ ስም ባይጽፍና የመድኃኒቱን ስም በራሱ ምልክት ቢይዝ መብቱ ነው። ምልክቱን ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ይፈታዋል።

በቀደም ቀጠሮ ነበረን። ሌላ ሐኪም፣ ልጅ እግር ነው። «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አላት። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» አለችው፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ገጿን አውጥታ ገፋችለት። «ደህና ያልሆንኩት እዚያ ላይ አለ።»